ከበር የተመለሰ ዳቦ

  ዛሬ የምናወራው ስለ ድግስ ነው። ስለ ሙሽራዋ ቀሚስና ስለ ዘፋኙ ሌላ ቀን እናወራለን። የዛሬው ጉዳያችን ሳሕኑ ላይ የሚቀርበው ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የእህቴን ልጅ ባር ሚጽዋ፣ ለትእዛዝ የበቃበትን በዓል፣ ያከበርነው እስራኤል ውስጥ፣ ቂርያት ጋት፣ በኢንዱስትሪው ሰፈር ካሉት አዳራሾች በአንዱ ነበር። እናቴና ሦስት ጎረቤቶቿ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ሳያዩ ሃያ ድፎ ዳቦ ጋገሩ። በነጭ ነጠላ ጠቅልለው፣ በአጎቴ መኪና አስጭነው በአዳራሹ የጓሮ በር በኩል መጡ። በሩ ላይ ማሽጊያህ ቆሟል፤ የኮሸር፣ የአይሁድ የምግብ ሕግ፣ ተቆጣጣሪው ማለቴ ነው።

“ከየት ነው የመጣው?” አለ።

“ከቤቴ ነዋ!” አለች እናቴ፣ ደረቷን ነፍታ።

“እንግዲያው አይገባም።”

እናቴ ለጊዜው በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ከዚያ እንዲህ አለችው፦ “ልጄ፣ እኔ ጎንደር ሳለሁ የእኛ ያልሆነ ሰው ከነካው ማድጋ ውሃ እንኳ አልጠጣሁም። ዛሬ የእኔ ዳቦ ነው የሚረክሰው?” ሰውየው አንገቱን ደፋ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ሃያው ድፎ ወደ ሰፈር ተመለሰ፤ ለሰንበት ተበላ። እናቴ በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ እህል አልቀመሰችም።

በጊዜው ሰውየው ላይ ተናደን ነበር። እያደር ሳስበው ግን ጥፋቱ የእኛ ነው። አዳራሹን ስንከራይ ስለ መብራቱ ጠይቀናል፣ ስለ መኪና ማቆሚያው ጠይቀናል፣ ስለ ወንበሩ ሽፋን ቀለም ግማሽ ቀን ተከራክረናል። ወጥ ቤቱን ግን ማንም አልጠየቀም። “ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ” የሚባለው በእኛ ደረሰ።

ይህ ዛሬ የብዙ ቤት ችግር የሆነበት ምክንያት አለው። ቂርያት ጋት በ1950ዎቹ አጋማሽ በድንኳንና በጊዜያዊ መጠለያ የተጀመረች የስደተኞች መንደር ነበረች፤ ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ከሞሮኮ የመጡ ናቸው። የእኛ ሰዎች፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ወደ እስራኤል ካመጡን ከ1984ቱ የሙሴ ዘመቻና ከግንቦት 1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ሲሰፍሩባት አሮጌዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻዎች ነበሩ የጠበቁን። በሕንጻዎቹ መካከል ባለው ሜዳ ዳስ ይጣላል፣ ሴቶች በየፎቁ ወጥ ያወጣሉ፣ ምግቡ በደረጃ ይወርዳል። ዛሬ ከተማዋ በሰሜን በኩል ወደ ካርሜ ጋት ሰፍታለች። ልጆቻችን እዚያ ቤት ገዝተዋል። ጎረቤታቸው ከቴል አቪቭ ዙሪያ የቤት ዋጋ ሸሽቶ የመጣ ሰው ነው፤ ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ወላጆች በአሮጌው ሰፈር፣ ወንድም ናታንያ፣ አክስት አፉላ። ስለዚህ ድግሱ ወደ አዳራሽ ገባ። አዳራሽ ደግሞ የራሱ ወጥ ቤትና የራሱ ሕግ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ወጣቶች “ኮሸር እዚህ መጥተን የተማርነው ነው” ሲሉ እሰማለሁ። አይደለም። “አትንኩኝ” የሚለውን ቃል ታላላቆቻችሁን ጠይቋቸው። ቤተ እስራኤል በጎንደር ዙሪያ ሲኖር ሌላ ሰው ያረደውን አይበላም ነበር፤ ከገበያ የተመለሰ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም፤ መንደሮቻችን ወራጅ ውሃ አጠገብ የሚቆረቆሩት ለዚህም ነበር። ለእናቴ ትውልድ አዲስ የሆነው ጥንቃቄው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። በአገር ቤት የምግቡ ዋስትና የሴትየዋ ስም ነበር፤ “እገሊት ነች የሠራችው” ከተባለ አለቀ። እዚህ ግን ዋስትናው ማኅተም ያለበት ምስክር ወረቀት ነው። ማሽጊያሁ የእናቴን ዳቦ ርኩስ ነው አላለም። በማያውቀው ምድጃ የተጋገረን ነገር አስገብቶ ስሙን ሊፈርምበት አለመቻሉ ነው ነገሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ የአዳራሹን ምግብ እንዳለ መቀበል ነው። ቀላል ነው፤ አያቶቻችሁ ግን ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ ፊት ቁጭ ብለው “እንጀራው መቼ ይመጣል?” ይላሉ። ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያ ምግብ የሚሠራ፣ የራሱ የኮሸር ምስክር ወረቀት ያለው ኬተሪንግ ከአዳራሹ ጋር ተስማምቶ እንዲገባ ማድረግ ነው። ይህን አዳራሹ በቃል “ችግር የለም” ቢላችሁም አትመኑ፤ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ማን እንደሚገባ፣ ምን ይዞ እንደሚገባ፣ በማን ድስትና በማን ምድጃ እንደሚሞቅ። ሦስተኛው፣ ምግብ የማይሸጥ ባዶ አዳራሽ፣ ለምሳሌ የሰፈሩን መትናስ፣ የማኅበረሰብ ማዕከሉን፣ ተከራይቶ ባለ ወረቀት ኬተሪንግ ማስገባት ነው። ለመቶ፣ ለመቶ ሃምሳ ሰው እኔ ይህን ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን ወንበር ማመላለሱና ሳሕን ማጠቡ ያተረፋችሁትን ገንዘብ መልሶ ይበላዋል።

ምስክር ወረቀቱን ራሳችሁ አንብቡት። እስራኤል ውስጥ ከ1983 ጀምሮ ያለ ተገቢው ፈቃድ ምግብን “ኮሸር ነው” ብሎ በጽሑፍ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቢሆንም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ሁሉ አይሠራም። የድርጅቱ ስምና አድራሻ ከቆማችሁበት ቦታ ጋር ይገጥማል? ጊዜው አላለፈም? የሥጋ ነው የወተት? መደበኛው የራባኑት፣ የረበናቱ ጽሕፈት ቤት፣ ነው ወይስ ጠበቅ ያለው መሃድሪን? የሙሽራዋ ወገን መሃድሪን ካልሆነ የማይበላ ከሆነ ይህን በሰርጉ ማታ ሳይሆን አዳራሽ በምትመርጡበት ቀን ማወቅ አለባችሁ። በዚህ ምክንያት ሁለት አማቾች ሳይነጋገሩ ያመሹበትን ሰርግ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ድስቱ እንግባ።

ዶሮ ወጥ ያለ ቅቤ ዶሮ ወጥ አይደለም የሚል ካለ ሐዘኑን እካፈላለሁ። ግን መንገድ የለም። የፍየል ግልገልን በእናቱ ወተት መቀቀልን የሚከለክለው ትእዛዝ በኦሪት ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ረበናት ከእርሱ ተነሥተው ዶሮንም ከሥጋ ቆጥረውታል። ስለዚህ በሥጋ ድግስ ላይ ቅቤም ሆነ አይብ ጠረጴዛው ላይ አይታይም፤ ክትፎ በቅቤም እዚያው ያበቃል። የጥሩ ባለሙያ ምልክቱ የቅቤውን ጉድለት ቁሌቱ ላይ መሙላቷ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ በዝግታ፣ ውሃው ጠፍቶ ጣፋጭ እስኪሆን ይበስላል፤ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይገባል፤ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱና ኮሰረቱ ከመውጣቱ በፊት ይነሰነሳል። ኬተሪንጉን ስትቀምሱ የምትፈልጉት ይህን ነው። በማሽን ተፈጭቶ፣ ውሃ አቅርሮ፣ በአንድ ሰዓት የደረሰ ቁሌት ምላስ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ሌላም ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እዚህ አገር የምንገዛው ኮሸር ዶሮ ደሙ እንዲወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ አንድ ሰዓት ያህል በጨው ተሸፍኖ፣ ከዚያ ደጋግሞ ታጥቦ ነው የሚመጣው። ጨው ይዞ ነው የሚመጣው ማለት ነው። በአገር ቤት ልማድ በሎሚና በጨው አሽታችሁ፣ ወጡ ላይ ደግሞ እንደ ልማዳችሁ ብትጨምሩ ሦስት መቶ እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ያድራል። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ቀምሶ።

ልኩን እንሥራ። ሦስት መቶ ሰው ጠርተናል እንበል። አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣዋል፤ በስሌት ሃያ አምስት ዶሮ ለሦስት መቶ ሰው አንዳንድ ብልት ያደርሳል። ግን አንገትና ክንፍ የደረሰው እንግዳ ምን ይላችኋል? ሠላሳ አምስት ዶሮ አድርጉት። እንቁላል በሰው አንድ፣ ለተሰነጠቀው ደግሞ ሃያ ጨምሩ። ሽንኩርት ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ብትይዙ ሰባ ኪሎ ነው። ሰባ ኪሎ ሽንኩርት የሚልጡ እህቶች ካሏችሁ እግዚአብሔር ይባርካቸው።

እንጀራ ደግሞ ሌላ ነገር ሲኖር በሰው ሁለት ይበቃል፤ ስድስት መቶ መሆኑ ነው። በአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰዓት ሃያ እንጀራ ብታወጡ፣ ያለ ዕረፍት ሠላሳ ሰዓት። ይህን ስሌት ለእናቴ ስነግራት “እኛ እኮ አምስት ምጣድ ነበረን” አለችኝ። አዎ፣ አምስት ምጣድና አሥር ምራት ነበራችሁ። ዛሬ ምራቶቹ ኢንቴል ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ናቸው። እንጀራውን ባለ ወረቀት ከሆነ መጋገሪያ እዘዙ፤ የሚደርስበትን ሰዓት አስጽፉ፤ ከነሙቀቱ በላስቲክ ከታሸገ ላብ ያወጣና ይጣበቃል።

ስለ እንጀራ ሳነሣ፣ ዱቄቱን ጠይቁ። ከሊጥ ሐላ፣ ለእግዚአብሔር የሚለየውን ቁራሽ፣ የማውጣት ግዴታ ያለው ከአምስቱ እህሎች፣ ከስንዴ፣ ከገብስና ከሦስት ዘመዶቻቸው በተቦካ ሊጥ ላይ ነው። ጤፍ ከአምስቱ አይደለም። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ሐላ አይወጣለትም ማለት ነው። የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ግን ሌላ ነው፤ ጉዳዩን ቄሳችሁን ወይም ረበናችሁን ጠይቁ። እዚህ አገር የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ቅልቅል ነው። ዱቄቱን መጠየቁ ለጤናም ይጠቅማል፦ የስንዴ ግሉተን የማይስማማው እንግዳ “ጤፍ ነው፣ ብላ” ተብሎ ቅልቅሉን ከበላ ታሞ ያድራል። ደግሞም የባር ሚጽዋ፣ የግርዘትና የሰርግ ማዕድ የትእዛዝ ማዕድ ስለሆነ በዳቦ ነው የሚጀመረው፤ ጠረጴዛው ላይ እንጀራ ብቻ ከሆነ ሽማግሌው “ዳቦው የታለ?” ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው።

ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ድንችና ጥቅል ጎመን ፓርቬ ናቸው፤ ሥጋም ወተትም አይደሉም፣ ከሁሉም ጋር ይሄዳሉ። ችግሩ የሐበሻው ጎመን ነው። ቅጠል ላይ ትል እንዳይኖር ማሽጊያሁ አንድ በአንድ ያያል፤ አንዳንዱ አዳራሽ ከዚህ የተነሣ የሐበሻ ጎመን ጭራሽ አላስገባም ይላል። ከትል ነጻ ሆኖ በልዩ አያያዝ የበቀለ የታሸገ ቅጠል መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዱለት የምትፈልጉ ደግሞ ጉበት ደሙ ብዙ ስለሆነ በጨው መቀመጡ ብቻ አይበቃውም፤ እሳት ላይ መጠበስ አለበት። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ የምታገኙት ዱለት የአባቶቻችሁ ዱለት አይሆንም። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

በርበሬውስ? ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣው፣ አክስት ያዘጋጀችው፣ ምስጢሩ በቤተሰብ የሚጠበቀው? እርሱም እንደ ዳቦው ከበር ይመለሳል። ማሽጊያሁ የሚያውቀው የታሸገና ማኅተም ያለበትን ነው።

አሁን “ቅቤው ቀረ” ብላችሁ ላዘናችሁ አንድ መላ ልንገራችሁ። ባር ሚጽዋ ያለው ልጅ ኦሪት የሚያነበው ብዙውን ጊዜ ሰኞ፣ ሐሙስ ወይም በሰንበት ነው። ብዙ ቤተሰብ ሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ኢየሩሳሌም፣ ምዕራባዊው ግንብ ጋ ያከብረዋል። ከንባቡ በኋላ የሚበላው ቁርስ ነው፤ ቁርስ ደግሞ የወተት ማዕድ ሊሆን ይችላል። ጭኮ፣ ጨጨብሳ በቅቤ፣ ቅንጬ፣ ገንፎ መካከሉ ላይ ቅቤው የሚቀልጥበት፣ አይብ በአዋዜ፤ ሁሉም የተፈቀደ ነው፤ ብቻ የወተት ምስክር ወረቀት ባለው ወጥ ቤት ይሠራ። ከሥጋው ድግስ በጣም ይረክሳል፤ ሰውም እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ይገባል። የእህቴን ሁለተኛ ልጅ ያከበርነው እንዲህ ነው። አጎቴ ገንፎውን አይቶ “ይህ የባር ሚጽዋ ነው ወይስ የአራስ?” ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ሦስት ጊዜ ግን ጨመረ።

ሰንበት ላይ ለምታከብሩ፦ እሳት አይነድም፣ ፈሳሽ ወጥ እንደገና አይሞቅም። ምግቡ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ በማሞቂያው ላይ መቀመጥ አለበት። አባቶቻችን በአገር ቤት ጨርሶ የዓርቡን ምግብ ቀዝቃዛውን ነበር የሚበሉት፤ ዛሬም እንዲሁ የሚያደርጉ ሽማግሌዎች አሉ። ለእነርሱ ቀዝቅዞ የሚጥም ነገር፣ ስንግ፣ አዚፋ፣ ቲማቲም ፍትፍት፣ ዳቦ አዘጋጁላቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

 አሁን የድግሱን ቀን ጉዳይ ላንሣ።

ብሪት፣ ግርዘቱ ማለቴ ነው፣ ቀን አያስመርጥም። ስምንተኛው ቀን ነው፤ የተወለደበት ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ማክሰኞ ፀሐይ ሳትጠልቅ የተወለደ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከሆነ ረቡዕ ነው። ሕፃኑ ዐይኑ ቢጫ ከሆነ ሐኪሙ ያዘገየዋል፤ በቀዶ ጥገና የተወለደ ደግሞ ስምንተኛው ቀኑ ሰንበት ላይ ቢውል ወደ እሑድ ይተላለፋል። ስለዚህ ለብሪት ትልቅ ውል አትፈርሙ። እናቲቱ ዘጠነኛ ወሯ ሳለ ከአንድ ኬተሪንግ ጋር “በአምስት ቀን ማስታወቂያ፣ ለስልሳ ሰው” ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ይበቃል። አራስ ቤት አርባና ሰማንያ ቀን መቆየቱ በቀረበት አገር ትልቁን ድግስ ከብሪቱ በኋላ፣ እናት ጉልበቷ ሲመለስ ማድረግ ለሁሉም ይሻላል።

ሰርግ ደግሞ ቀኑ ራሱ ዋጋ አለው። ሐሙስ ማታ ውድ ነው፤ ዓርብ ቀትርና የሳምንቱ መጀመሪያ ረከስ ይላሉ። ማክሰኞን ብዙዎች ይመርጡታል፤ በፍጥረት ታሪክ ሦስተኛው ቀን “መልካም” ተብሎ ሁለት ጊዜ የተመሰገነ ነውና። ከፋሲካ በኋላ ባሉት የዖሜር ሳምንታት፣ እንዲሁም ከታሙዝ 17 እስከ አብ 9 ባሉት ሦስት ሳምንታት፣ እንደየማኅበረሰቡ ልማድ፣ ሰርግ አይደረግም፤ ስለዚህ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ተሻሚ ነው። በዚህ አገር በጋ ቅዳሜ ማታን አልመክርም። ሰንበት የምትወጣው በሰኔና በሐምሌ በአገር ቤት ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማሽጊያሁ ከዚያ በፊት ምድጃ አያስለኩስም። የሁፓው፣ የጋብቻ ዳሱ፣ ሥርዓት፣ የቄሶቹ ቀሸራ፣ ምርቃቱ ተጨምሮ ምግብ አራት ሰዓት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሕፃናት ወንበር ላይ ተኝተዋል፣ ከአፉላ በአውቶቡስ የመጡት ደግሞ ሰዓታቸውን እያዩ ነው።

ስለ ገንዘቡ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። አዳራሽ የሚያስከፍለው በማና ነው፣ በአንድ ሰው ድርሻ። ውሉ ላይ ትንሹ ቁጥር ይጻፋል። ሦስት መቶ ብላችሁ ፈርማችሁ ሁለት መቶ አርባ ሰው ቢመጣ የምትከፍሉት የሦስት መቶ ነው። ከዚያ በላይ ለሚመጣው አዳራሹ መጠባበቂያ ይይዛል፤ ዐሥር በመቶ ከሆነ ሠላሳ ሳሕን። ሦስት መቶ ሰባ ሰው ከመጣ አርባው ሰው ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የእኛ ሕመም ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ሽማግሌውን ደውላችሁ “ይመጣሉ?” ብትሏቸው “እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከፈቀደ” ይላሉ። አልመጣም ማለት ነውር ነው፤ እመጣለሁ ማለት ደግሞ በነገ ላይ መድፈር። እኔ የምቆጥረው በስልክ ሳይሆን በአውቶቡስ ነው። ከናታንያ ስንት አውቶቡስ ተከራይተዋል? ከሐዴራስ? የአውቶቡሱ አስተባባሪ ስም ዝርዝር ይዟል፤ እርሱ አይዋሽም። ትንሹን ቁጥር ዝቅ አድርጋችሁ ፈርሙ፣ መጠባበቂያውን ከፍ አስደርጉ። አዳራሹ የሚሟገታችሁ እዚህ ላይ ነው፤ እናንተም ሳትለቁ ተሟገቱ።

ዋጋው ማዓምን፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱን፣ ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ፤ ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል፤ በሦስት መቶ ሳሕን ላይ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የሰርጉን ፖስታ ሌሊቱን ቆጥሮ አዳራሹን በጥሬ ገንዘብ መክፈል ድሮ ልማዳችን ነበር። ከነሐሴ 2022 ወዲህ ከንግድ ድርጅት ጋር ከ6,000 ሸቀል በላይ በሆነ ግብይት በጥሬ ገንዘብ መክፈል የሚቻለው ከዋጋው ዐሥር በመቶውን ወይም 6,000 ሸቀልን፣ ከሁለቱ ያነሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቼክ ወይም ባንክ።

በሰርጉ ማታ ሳሕን ሲቆጠር ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ ይቁጠር። ያ ሰው የማይጨፍርና የማይጠጣ ይሁን። እኛ ቤት ይህ ሥራ የኔ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

መጠጡን በአጭሩ። ወይን ከኮሸርነቱ ሌላ፣ አሳላፊዎቹ አይሁድ ካልሆኑ መቩሻል የተባለው፣ በሙቀት ያለፈው ዓይነት እንዲሆን አዳራሹ ይጠይቃል። ጠጅ ወይን የለበትም፣ ማርና ጌሾ ነው፤ የወይኑ ሕግ አይነካውም፣ ግን ያለ ማኅተም አይገባም። ጠላ የገብስ ነው፤ በፋሲካ ሳምንት የለም። ቡና የምታፈሉ የአዳራሹን ሰዎች ጠይቃችሁ ቦታ ያዙ፤ ከሰልና ዕጣን የጭስ ማስጠንቀቂያውን ከጮኸበት ሙሽሮቹ በእሳት አደጋ መኪና ይሸኛሉ።

ሙቀቱን አትናቁ። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 በታች መቆየት አለበት፤ መካከሉ ተሕዋስያን የሚራቡበት ነው። በትልቅ ድስት የተሠራ ወጥ ማታ ተከድኖ ቢያድር መካከሉ እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ነው። ሰፋ ባለ ዝቅተኛ ትሪ ከፋፍሎ አቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ማስገባት፣ በማግስቱ እስኪንተከተክ ማሞቅ። ኬተሪንጉ ከሩቅ ከተማ የሚያመጣ ከሆነ በምን መኪና እንደሚያመጣው ጠይቁ።

ከታላላቆቻችን መካከል ቄሱ ያረዱትን ካልሆነ ሥጋ የማይቀምሱ አሉ። አዳራሽ ወስዳችሁ ሥጋ አቅርባችሁ “ብሉ እንጂ” እያላችሁ አታስጨንቋቸው። የራሳቸው ጠረጴዛ፣ ምስርና ሽሮ፣ ፍራፍሬ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ለብቻው ሳሕን ላይ ዓሣ ይቅረብላቸው። ከሁሉ በፊት ይቅረብላቸው። በግቢ በግ ማረድ ግን እዚህ አገር ሕጉ አይፈቅድም፤ ዕርድ የእንስሳት ሐኪም በሚቆጣጠረው ቄራ ነው።

አምና ያ የባር ሚጽዋው ልጅ አገባ። እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው። ያኔም እጋግራለሁ አለች። ውሉን ስንፈርም አዳራሹን ጠየቅን፤ ባለቤቱ ከማሽጊያሁ ጋር ተነጋገረ። የአዳራሹ ዱቄት፣ የአዳራሹ ምድጃ፣ ማሽጊያሁ ሐላው ሲወጣ ቆሞ እያየ፣ ከሰርጉ በፊት ባለው ቀን እናቴ ከሁለት የልጅ ልጆቿ ጋር ገብታ ስድስት ድፎ ጋገረች። ምድጃው አልተስማማትም፤ ሁለቱ ሥሩ አረረ። አራቱን ቄሱ ባረኩ። የቀረው ፍላጎቷ ደግሞ ከሰርጉ በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ተሟላ፤ የእነዚያ ቀናት ማዕድ፣ ሼቫ ብራኾት፣ በቤት ነው የሚበላው፣ በቤት ውስጥ ማሽጊያሁ እርሷ ነች። አሥር ወንዶች ከተገኙና አንድ አዲስ እንግዳ ካለ ምርቃቱ ይደርሳል፤ ወጡም፣ በሻንጣ የመጣው በርበሬም፣ የቤቱ ዳቦም በዚያ ሳምንት ቦታቸውን አገኙ። ሦስት መቶውን ሰው አዳራሹ ይመግብ፤ ሃያውን ሰው ቤታችሁ መግቡ።

የተረፈ ምግብስ? ምን ያህሉን መውሰድ እንደሚቻል፣ አዳራሹ መያዣ ይሰጥ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተረፈ የበሰለ ምግብ ሰብስቦ ለችግረኞች የሚያደርሰው ሌኬት እስራኤል የመሰለ ድርጅትም ሊረከባችሁ ይችላል፤ ብቻ ከድግሱ ቀናት በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የሚደውል ሰው ስልኩን የሚያነሣለት አያገኝም።

በቅርቡ የምትደግሱ አድማጮቻችን፣ ነገ አዳራሹን ለማየት ስትሄዱ መጀመሪያ በጓሮው በር ግቡ። ወጥ ቤቱን አይታችሁ፣ ማሽጊያሁን በስሙ ጠርታችሁ ሰላም ብላችሁ፣ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ ጠይቃችሁ፣ ያንን አስጽፋችሁ ከዚያ በኋላ ወደ መብራቱ ሂዱ። መልካም ድግስ። ማዛል ቶቭ።